ቤት የገዛው በርማ እንዴት ከሁሉም ድሃ ይሆናል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ፎርት ሞርጋን፣ ኮሎራዶ፣ ስጋ ፋብሪካ ውስጥ ሁለተኛ ሺፍት እሠራለሁ። 34 ዓመቴ ነው፤ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነኝ። በቀደም በእረፍት ሰዓት አንዱ ልጅ ስልኩ ላይ አንድ ሰንጠረዥ አሳየን። አሜሪካ የሚኖረውን ሕዝብ በዘር ሐረጉ ከፋፍሎ፣ የየቤተሰቡን የዓመት ገቢ በደረጃ የሚያስቀምጥ ነው። በርማዎቹን፣ ማለትም ከምያንማር የመጡትን፣ ታች አገኘናቸው፤ “ስፓኒሽ” የሚለው በጣም ከፍ ብሏል። እኔ የማየው ሌላ ነው። ከጎኔ ቆሞ ብልት የሚያወጣው በርማ ባለፈው መስከረም ቤት ገዝቷል። እኔ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ፣ ዛሬም ኪራይ ላይ ነኝ። እዚህ የሚሠሩት ስፓኒሾች ደግሞ ኑሯቸው ከኔ አይሻልም። ሰንጠረዡ ዝም ብሎ የተጻፈ ነው ወይስ ያልገባኝ ነገር አለ? ባለቤቴ “እኛም እንደ በርማዎቹ ከወንድሜ ጋር ተጋግዘን እንግዛ” እያለች ነው። ምን ይሉኛል?

ተ. ከፎርት ሞርጋን

መልስ

ወንድሜ ተ.፣ በዕድሜ ታናሼ ነህና አንተ ብልህ አትቀየመኝ። አውሮራ ውስጥ ታክስ መሥራት ከጀመርኩ 18 ዓመት አልፎኛል። ከሐበሻው ቀጥሎ ብዙ ደንበኛ ያለኝ ከበርማ ሰዎች ነው፤ አንዱ መጣ፣ ወንድሙን አመጣ፣ ወንድሙ ቤተ ክርስቲያኑን በሙሉ አመጣ። ስለዚህ ጥያቄህ ለእኔ የየዓመቱ የጥር ወር ሥራዬ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጽዳ። እኛ ሐበሾች “ስፓኒሽ” ስንል ስፓኒሽ የሚናገረውን ሁሉ ማለታችን ነው፤ ሜክሲኮውንም፣ ጓቴማላውንም፣ ሳልቫዶሩንም። ሰንጠረዡ እንደዚያ አይልም። እነሱን በየስማቸው ለብቻ ያስቀምጣቸዋል። “ስፓኒሽ” የሚለው መስመር የዘር ሐረጌ ከስፔን ነው ብሎ ቅጹ ላይ የሞላውን ሰው ነው። አንተ ጋ ቢላ የሚስለው ልጅ እዚያ መስመር ውስጥ የለበትም ማለት ይቻላል። ስለዚህ እሱን አይተህ ሰንጠረዡን አትፍረድበት።

አሁን ወደ በርማዎቹ። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል የ2019ን የሕዝብ መረጃ ይዞ ባወጣው ስሌት የበርማ ቤተሰብ መካከለኛ የዓመት ገቢ 44,400 ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት የመላው አሜሪካ ቤተሰብ 61,800፣ የእስያ ተወላጆች በአንድ ላይ 85,800 ነበር። ከበርማ ሰዎች 25 በመቶው ከድህነት መስመር በታች ነበሩ። ቁጥሩ እውነት ነው። “መካከለኛ” ሲባል ግን ቤተሰቦቹን ከድሃው እስከ ሀብታሙ አሰልፈህ ልክ መሃል ላይ የቆመው ነው። ግማሹ ከሱ በላይ ነው። ቤት የገዛው ጓደኛህ ከበላዩ ግማሽ ይሆናላ፤ ምን ይገርማል?

ይልቅ ወረቀቱ ምን እንደሚመስል ልንገርህ። አንድ ቤተሰብ አለ፤ ስማቸውንም ሰፈራቸውንም አልናገርም። በየዓመቱ በጥር መጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ይመጣሉ። እናትየው ዚፕ ያለው የላስቲክ ከረጢት ከቦርሳዋ ታወጣለች፣ የልጆች እርሳስ የሚያዝበት ዓይነት። ከውስጡ አራት ደብሊው ቱ፣ አሠሪ የሚሰጠው የዓመት ደሞዝ ወረቀት፣ ይወጣል። አባትየው እንዳንተ ስጋ ፋብሪካ፣ እናትየው የሆቴል ልብስ እጥበት፣ ትልቋ ልጅ ክሊኒክ፣ የእናትየው ወንድም መጋዘን። እኔ ሦስት ታክስ እሠራላቸዋለሁ፤ ባልና ሚስቱ አንድ፣ ልጅቷ አንድ፣ አጎትየው አንድ። የሕዝብ ቆጠራው ግን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድረውን ሁሉ እንደ አንድ ቤተሰብ ነው የሚቆጥረው። አራቱን ስትደምር 126,000 ዶላር። ሰንጠረዡ ላይ ይህ ቤት ከብዙ ነጭ አሜሪካዊ ቤት በላይ ነው! ቤቱ ውስጥ ግን ዘጠኝ ሰው ነው የሚኖረው። ለዘጠኝ አካፍለው፤ ለአንድ ሰው 14,000። የአባትየው የቀኝ እጅ ሁለት ጣቶች ጠዋት ጠዋት አይዘረጉም፤ ፊርማውን የሚፈርመው ብዕሩን በጡጫ ጨብጦ ነው። አንተ ላይን ላይ ስለምትቆም ምን ማለቴ እንደሆነ ገብቶሃል።

እነዚህ ሰዎች የመጡት በ2008 ነው፣ ታይላንድ ድንበር ላይ ካለው ሜላ ካምፕ። ካምፑ የተከፈተው በ1984 ነው፤ ትልቋ ልጅ እዚያው ተወለደች። ከካምፕ ወጥቶ መሥራት በሕግ የተከለከለ ስለነበር፣ አባትየው በዚያ ሁሉ ዓመት በሕጋዊ መንገድ ደሞዝ የሚባል አያውቅም ነበር። አሜሪካ ከ2005 ገደማ ጀምሮ ነው ከእነዚያ ካምፖች ሰው በብዛት መቀበል የጀመረችው። ሲመጡ የአውሮፕላን ቲኬታቸውን በብድር ነው የተሳፈሩት፤ ወለድ የለውም፣ ግን ይከፈላል። ከሱዳን ወይም ከኬንያ በሪፊውጂነት የመጣ ሐበሻ ይህን ብድር ያውቀዋል። የመጀመሪያ ሥራህን ሳትይዝ ባለዕዳ ሆነህ ነው የምትነሳው።

“በርማ” ስትላቸውም ይከፋቸዋል። እናትየው በመጀመሪያው ዓመት በኮምፒውተሬ ላይ አይታ “ኖ በርማ፣ ካረን” አለችኝ። ካረን አሉ፣ ቺን አሉ፣ ሮሂንጂያ አሉ፣ በቋንቋ አይግባቡም፤ ከአገራቸው ያባረራቸው ደግሞ እነሱ “በርማ” የሚሉት የጦር መንግሥት ራሱ ነው። አንዳንዱ ቅጽ ላይ “በርማ” ብሎ ይሞላል፣ አንዳንዱ በጭራሽ አይሞላም። (እኛ ሐበሾች በዚህ ነገር ለሌላ ሰው አስተማሪ ባንሆን ይሻላል።) ከነሱ በፊት ደግሞ ሌሎች ነበሩ፤ በ1962 ጄኔራል ኔ ዊን ሥልጣን ከያዘ በኋላ የወጡ፣ ብዙዎቹ ቻይናና ሕንድ ዘር ያላቸው፣ ሐኪምና ነጋዴ። ካሊፎርኒያ ገብተው ኑሮ ከመሠረቱ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏቸዋል። ሱፐርማርኬት ውስጥ ሱሺ ጠቅልለው የሚሸጡትን አይተህ ታውቅ ይሆናል፤ ጃፓን ይመስሉሃል፣ ከበርማ የመጡት ብዙ ናቸው። በ1998 ሻርሎት ውስጥ ሂሾ ሱሺን የመሠረተው ፊሊፕ ማውንግ ከበርማ የመጣ ሰው ነው። የሎስ አንጀለሱ ሐኪምና የፎርት ሞርጋኑ ብልት አውጪ አንድ መስመር ውስጥ ናቸው።

ስፔናዎቹስ? እነሱም ዱሮ እንደ ብልት አውጪው የጉልበት ሠራተኛ ነበሩ፤ ይህን ሰው አያውቅም። በ1907 ሄሊዮፖሊስ የምትባል መርከብ ከስፔን ማላጋ ወደብ ድሃ ገበሬ ጭና ሃዋይ የሸንኮራ እርሻ ላይ አራገፈች። እስከ 1913 ድረስ ወደ 8,000 የሚጠጋ ስፔናዊ በዚያ መንገድ ሄዷል። ኮንትራታቸው ሲያልቅ ብዙዎቹ ካሊፎርኒያ ተሻግረው ፍራፍሬ ለቀሙ፣ ቆርቆሮ ፋብሪካ ገቡ። ከሰሜን ስፔን፣ ከአስቱሪያስ የመጡት ዌስት ቨርጂኒያ ዚንክ አቀለጡ። ፍሎሪዳ፣ ታምፓ፣ ኢቦር ሲቲ የሚባለው ሰፈር ደግሞ ሲጋር ጠቀለሉ። እዚያ ያሉት በ1891 ሴንትሮ እስፓኞል የሚባል ማኅበር አቋቁመው ነበር፤ ስትታመም የሚያሳክምህ፣ ስትሞት የሚቀብርህ፤ እድር በለው።

ከዚያ በሩ ተዘጋ። በ1921 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ከስፔን በዓመት 912 ሰው ብቻ ይግባ አለ፤ በ1924 የወጣው ደግሞ ወደ 131 አወረደው። 131! ይህ ያንተ የአንድ ሺፍት ሰው አይሞላም። ከዚያ ወዲህ የስፔን ድሃ በብዛት አልመጣም። ሸንኮራ የቆረጠው ሞቷል፣ ልጁ ጡረታ ወጥቶ ሞቷል፣ የልጅ ልጁ ዛሬ የጥርስ ሐኪም ነው። አሁን ከስፔን የሚመጣው ደግሞ ጥቂት ነው፣ አብዛኛው ዲግሪውን ይዞ የሚመጣ። ሰንጠረዡ የሸንኮራ ቆራጩን ልጅ ልጅና ትናንት ከማድሪድ የመጣውን ኢንጂነር ከአንድ ወገን፣ ከካምፕ የወጣውን ካረን ከሌላ ወገን አቁሞ ያወዳድራል። የ1910ን ስፔናዊ ሠራተኛ ከጓደኛህ ጎን ብታቆመው ምናልባት ጓደኛህ ይበልጥ ነበር።

ግን “ስፓኒሽ” ሁሉም ሀብታም ነው ብለህ እንዳትይዝ። አብራኝ ስድስት ዓመት የሠራች ሴት ነበረች። “ሜክሲካን ነሽ?” ያላትን ሰው “እኛ ስፓኒሽ ነን” ብላ ነው የምትመልሰው። ትውልዷ ሳን ሉዊስ ነው፣ እዚሁ ኮሎራዶ ደቡብ ጫፍ፣ ከአውሮራ አራት ሰዓት። በ1851 ከኒው ሜክሲኮ የወጡ ሰዎች የቆረቆሩት ነው፤ በግዛታችን ከሱ የሚቀድም ከተማ የለም። ካውንቲው ኮስቲያ ይባላል፣ ከኮሎራዶ ድሃ ካውንቲዎች አንዱ። አንድ ክረምት አያቷ ቤት ወሰደችኝ። ሽማግሌው 86 ዓመታቸው፤ የጡረታ ቼካቸውን ባየው ለታክስ እንኳ አይበቃም። ሰንጠረዥ ላይ ከበርማዎቹ በታች ናቸው።

ቤቱ ግን የጭቃ ጡብ ነው፣ አባታቸው የሠሩት፣ የባንክ ዕዳ የለበትም። በስተጀርባ ቦይ ያልፋል። ቦዩ በ1852 የተቆፈረ ነው፤ በኮሎራዶ ሕግ ቀድሞ ውኃ የጠለፈ ቀድሞ ይወስዳልና የዚያ ቦይ መብት በግዛቱ አንደኛ ነው። ጸደይ ሲመጣ ከየቤቱ አካፋ ይዞ እየወጣ በደቦ ይጠርጉታል። በሩ አጠገብ ሚስማር ላይ ቁልፍ ተንጠልጥሏል። “የምን ነው?” ስላቸው ሽማግሌው በእጃቸው ተራራውን አሳዩኝ። በ1960 ጃክ ቴይለር የሚባል እንጨት ነጋዴ 77,000 ኤከር የሚሆነውን ተራራ ገዝቶ አጠረው። አያት ቅድመ አያቶቻቸው ከብት ያሰማሩበት፣ ማገዶ የለቀሙበት ነው። በ1981 ከሰሱ፤ የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የግጦሽ፣ የማገዶና የእንጨት መብታቸውን የመለሰው በ2002 ነው። መብቱን ያረጋገጠ ቤተሰብ የአጥሩን በር ቁልፍ ይይዛል። ሰንጠረዡ የዓመት ገቢ እንጂ ይህን ቁልፍ የሚጽፍበት ዓምድ የለውም። 126,000 ዶላር የሚያስገባው የካረን ቤት ነገ ሁለት ሰው ከሥራ ቢወጣ ቤቱን ሊያጣ ይችላል። ሽማግሌው የሚያጡት ነገር የለም።

አሁን ወደ ባለቤትህ ጥያቄ፣ ምክንያቱም እውነተኛው ጥያቄህ እሱ ይመስለኛል።

ጓደኛህን “በስንት ደሞዝ ገዛኸው?” ብለህ ጠይቀው። ካልተሳሳትኩ ሦስት ይልሃል። ከባለቤትህ ወንድም ጋር መግዛት ነውር የለበትም፤ እኔም ብዙ ሰው አይቼ ተሳክቶለታል። በኤፍ ኤች ኤ፣ መንግሥት ዋስትና በሚሰጠው የቤት ብድር፣ 3.5 በመቶ ዳውን ፔይመንት (ቅድሚያ ክፍያ) ይበቃል፤ ለ400,000 ዶላር ቤት 14,000 ማለት ነው። ይህን ገንዘብ ከእቁብ ልታወጣው ካሰብክ ቀድመህ አውጣው። ባንኩ የሁለት ወር ስቴትመንት ያያል፣ ድንገት የገባ ብዙ ገንዘብ ካየ “ከየት መጣ?” ይላል፣ እቁብን ለብድር ሠራተኛ ማስረዳት ደግሞ እኔንም አድክሞኛል። ስለዚህ ቀደም ብሎ አካውንትህ ውስጥ ይደር።

ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ላይ የፈረመ ሁሉ የዕዳው ሙሉ ባለዕዳ ነው፣ የግማሹ አይደለም። ወንድሟ አግብቶ ቴክሳስ ልሂድ ቢል ስሙ በራሱ አይወጣም፤ ሪፋይናንስ፣ ማለትም ብድሩን በአዲስ ብድር መተካት፣ ያስፈልጋል፣ ያን ጊዜ ያንተ ደሞዝ ብቻውን መቻል አለበት። ታይትሉ (የቤቱ የባለቤትነት ሰነድ) ላይ የምትጻፉበትንም ዓይነት ጠይቁ። “ጆይንት ቴናንሲ” ከሆነ አንዱ ሲሞት ድርሻው ለልጆቹ ሳይሆን በሕይወት ላለው የቤቱ ተጋሪ ያልፋል፤ “ቴናንሲ ኢን ኮመን” ከሆነ ለየወራሹ። እኔ በወንድምና እህት መካከል ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ማን ስንት እንዳዋጣም በወረቀት ይጻፍ፣ ሁላችሁም ፈርሙበት። “እኛ እንጻጻፋለን እንዴ?” ትልህ ይሆናል። አዎ፣ ተጻጻፉ።

ሌላው፣ ክፍያውን ስታሰላ ኦቨርታይሙን አውጣና በአርባ ሰዓት ደሞዝ ብቻ ቁጠር። በአርባው ካልቻልከው ቤቱ በዝቶብሃል። እጅህንም አስብበት።

የሁለታችሁንም የሁለት ዓመት ደብሊው ቱና የታክስ ወረቀት ይዛችሁ ኑ፣ አብረን እናየዋለን። ከየካቲት በፊት ከሆነ ወረፋ የለም፤ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ አትምጡ፣ ካረኖቹ ናቸው።