ገበሬው «ኑ ግደሉልን» ማለቱ የአደን ፈቃድ አይሆንም

ጥያቄ፦ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። አደን እወዳለሁ፤ በቤታችንም ፈቃድ ያለው ጠመንጃ አለ። ጓደኛዬ ባሌ፣ ዲንሾ አካባቢ ዘመዶች አሉት። ከርከሮ ገብሳቸውን እየፈነቀለ ስላስቸገራቸው መጥተን እንድንገድልላቸው ጠይቀውናል፤ የቀበሌው ሊቀመንበርም ደብዳቤ እጽፍላችኋለሁ ብለዋል። ይህ በቂ ነው? ሌላ የት ማደን ይቻላል? ተኩስ መለማመጃስ የት ይገኛል? በዚያው ደግሞ፣ አንድ ወዳጄ ቤቱ የአጋዘን ቀንድ ቢኖረው ችግር አለው?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከአደኑ በፊት ስለ ጠመንጃው እንነጋገር። «በቤታችን ፈቃድ ያለው ጠመንጃ አለ» ብለዋል እንጂ «በስሜ» አላሉም። ፈቃዱ በአባትዎ ወይም በወንድምዎ ስም ከሆነ፣ መሣሪያውን ይዘው ከቤት የወጡ ዕለት የአደን ጉዳይ ገና ሳይነሳ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ሊጠየቁ ይችላሉ። ፈቃድ የሚሰጠው ለሰው ነው፤ ለቤተሰብ አይደለም። ያዋሱዎትም ሰው አብረውዎት ይጠየቃሉ። ባለፈቃዱ በሕይወት ከሌሉ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ የመሣሪያ ፈቃድ እንደ ቤትና እንደ ከብት አይወረስም። እንዲህ ከሆነ መሣሪያውን ሳያንቀሳቅሱ ከጠበቃ ጋር ተማክረው ለፖሊስ ያሳውቁ። ፈቃዱ በእርስዎ ስም ከሆነም የፈቃዱን ወረቀት ከጠመንጃው ጎን አስቀምጠው በብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። አንድ አኃዝ ቢለያይ በኬላ ላይ ያለው ፖሊስ የሚያየው ሕገወጥ መሣሪያ የያዘ ሰው ነው።

አሁን ወደ ግብዣው። ሰዎች ሁልጊዜ የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ገበሬው ማሳው ላይ የመጠቀም መብት አለው፤ ገብሱም የራሱ ነው። ገብሱን የሚበላው ከርከሮ ግን የእሱ አይደለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የዱር እንስሳን የማደን ፈቃድም የሚሰጠው በዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ሥልጣን የተሰጠው አካል ብቻ ነው። ባለመሬቱ የሌለውን መብት ሊያስተላልፍልዎ አይችልም። የቀበሌው ሊቀመንበርም እንዲሁ፤ ቅን ልቦና ይኖራቸው ይሆናል፣ ሥልጣን ግን የላቸውም።

ደብዳቤው እንደሚጠብቅዎ አስበው ከሆነ ተሳስተዋል። ዐቃቤ ሕግ እጅ ሲገባ ምን እንደሚነበብበት ያስቡት፤ ማን እንደመጣ፣ መቼ እንደመጣ፣ ምን ሊገድል እንደመጣ፣ ማን እንደጋበዘው፣ ከነማኅተሙ። በገዛ እጅዎ ያስጻፉት የክስ ማስረጃ ነው። ሊቀመንበሩንና የጓደኛዎን ዘመዶችም በተባባሪነት ሊያስከስስ ይችላል፤ እርስዎ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ እነሱ እዚያው ነዋሪ ናቸው።

«ሕጉን አላውቅም ነበር» ማለትም አያድንም። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 81 ሕግን አለማወቅን መከላከያ አያደርገውም። መብት ያለው መስሎት በቅን ልቦና ለተሳሳተ፣ በቂ ምክንያትም ላለው ሰው ቅጣቱን ሊያቀልለት ይችላል፤ ያ ግን ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ሌሎች ደግሞ የአንቀጽ 75ን «አስገዳጅ ሁኔታ» ይጠቅሳሉ። ያ የተጻፈው ፊት ለፊት ለመጣና በሌላ መንገድ ሊያመልጡት ለማይቻል አደጋ ነው። ቀን ቀጥረው፣ ነዳጅ ሞልተው፣ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው የሚገድሉት ከርከሮ በዚህ አንቀጽ ሥር ይገባል ብሎ የሚከራከርልዎ ጠበቃ ካገኙ ሌላ ጠበቃ ይፈልጉ።

ደግሞስ የት ነው የተጋበዙት? ዲንሾ! ይህን እንደ ተራ ነገር ማለፍዎ አስደንግጦኛል። ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለበት ከተማ ነው። ፓርኩ መስከረም 2016 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የደጋ አጋዘን በብዛት የሚሰማራበት የጋይሳይ ሜዳም እዚያው አጠገብ ነው። በዚያ አካባቢ ማሳው የሚያልቀው ፓርኩ በሚጀምርበት ነው፤ በጨለማ ወሰኑን የሚያሳይዎ ነገር የለም። ከርከሮ ደግሞ በአንድ ጥይት ላይወድቅ ይችላል። ቆስሎ ወደ ፓርኩ ቢሮጥ ሊከተሉት ነው፤ ያን ጊዜ በብሔራዊ ፓርክ ውስጥ የተጫነ ጠመንጃ ይዞ የተገኘ ሰው ሆኑ ማለት ነው። ስካውቶቹ (የፓርኩ ጠባቂዎች) ሲደርሱ «ከማሳው ተከትዬው ነው» የሚለውን ማን ያምንዎታል? ምንም ሳይገድሉ ቢያዙም ሙከራ በአንቀጽ 27 ያስጠይቃል፤ ማታ፣ በመኪና፣ ባትሪና ጠመንጃ ይዞ መገኘት ለሙከራ ክስ ጥሩ መነሻ ነው።

አዋጅ 541/1999 ለሕገወጥ አደን የደነገገው ከ1 እስከ 5 ዓመት እስራት ወይም ከ5,000 እስከ 30,000 ብር መቀጮ ወይም ሁለቱንም ነው፤ በወንጀል ሕጉ የሚከብድ ቅጣት ካለ ያ ይፈጸማል። የመሣሪያው ክስ ለብቻው ይታከላል። ጠመንጃውና መኪናው በኤግዚቢትነት ተይዘው ሊቆዩ፣ ሊወረሱም ይችላሉ። ሕግ ይሻሻላልና ጉዳይዎን የሚይዘው ጠበቃ የቅርብ ጊዜውን ነጋሪት ጋዜጣ እንዲያይ ያድርጉ።

ገበሬዎቹ መቸገራቸው እውነት ነው፤ ሊናቅ አይገባም። የሚረዷቸው ግን በጥይት አይደለም። የደረሰውን ጉዳት በቀንና በማሳ ስፋት ዘርዝረው፣ ፎቶ አያይዘው፣ ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤትና ለፓርኩ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ያመልክቱ፤ ገቢ የተደረገበትን ቁጥር ይያዙ። እርምጃ የሚወስደው ወይም የሚያስወስደው ሥልጣን ያለው አካል ነው። ማመልከቻውን በመጻፍ ቢያግዟቸው ጥሩ ነው።

የት ማደን ይቻላል ላሉት፣ ሕጋዊው ቦታ ቁጥጥር የሚደረግበት የአደን ቀበሌ፣ ማለትም በመንግሥት ለአደን የተከለለ ቦታ ነው፤ ለምሳሌ አባሸባ ደመሮ ወይም ሙንኤሳ ኩኬ። እነዚህ ዘው ተብሎ የሚገባባቸው አይደሉም። በየዓመቱ በእንስሳ ዓይነት ኮታ ይመደብላቸዋል፤ አደኑም የሚካሄደው ውል በያዙ የአደን ድርጅቶች በኩል ነው። የኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣንን፣ በኦሮሚያ ላሉት ደግሞ የክልሉን ደንና ዱር እንስሳት ኢንተርፕራይዝ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ለአገር ውስጥ አዳኝ የተመደበ ኮታ አለ ወይ፣ ክፍያው ስንት ነው፣ አብሮ የሚሄደው ማን ነው? መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ። ፈቃድ ሲያገኙ የእንስሳው ዓይነት፣ ፆታ፣ ብዛት፣ ቦታውና ቀኑ በትክክል መጻፉን ሳያረጋግጡ አይነሱ። ከአምስቱ አንዱን ቢያልፉ ፈቃዱ እንደሌለ ነው የሚቆጠረው። ቆቅና ጅግራም ዱር እንስሳት ናቸው፤ «ወፍ ነው» ብለው አይተኩሱ።

ለተኩስ ልምምድ፣ ሜዳ ፈልገው ቆርቆሮ ላይ አይተኩሱ። ፈቃዱን የሰጠዎትን የፖሊስ ተቋም የታወቀ መለማመጃ ካለ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ከሌለ ይተውት።

የቀንዱ ነገር ቀረ። ወዳጅዎ እርስዎ ቢሆኑም መልሱ ያው ነው። ያለፈቃድ የዱር እንስሳ ውጤት ይዞ መገኘት፣ ማን እንደገደለው ሳይጠየቅ፣ በራሱ ወንጀል ነው። ቀንዱን አይሽጡ፣ ለሰው አይስጡ፣ አይጣሉም፤ ማስረጃ ማጥፋት ሌላ ክስ ሊጨምርብዎት ይችላል። የድሮ ፈቃድ ወይም ደረሰኝ ካለ ይፈልጉና መጀመሪያ ወደ ጠበቃ ይሂዱ። ፖሊስ ከቀደመም ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ዝም የማለት መብት ሰጥቶዎታል።

ወደ ጠበቃ ሲሄዱ የመሣሪያውን ፈቃድ ኮፒ፣ የቁጥሩን ፎቶ፣ ባለፈቃዱ አርፈው ከሆነ የሞትና የወራሽነት ማስረጃ ይያዙ። የሊቀመንበሩ ደብዳቤ ተጽፎ ከሆነም አይቅደዱት፣ አይጠቀሙበትም፤ ከሰነዶቹ ጋር ይውሰዱት። ዲንሾ ከዚህ በፊት ሄደው ያውቁ እንደሆነ አልነገሩኝም። ሄደው ከሆነ ለእኔ አይጻፉልኝ፤ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ላለበት ለጠበቃዎ በአካል፣ አንዲት ነገር ሳያስቀሩ ይንገሩት።