የመጨረሻዋ ቀን በሮም

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሦስት ወር ብቻዬን አውሮፓን ስዞር ከርሜ አሁን ሮም ነኝ። የገባሁት ፌብሩዋሪ 17 ነው። የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛዬ «እስከ ጁን 1» ይላል፤ የቆይታው ጊዜ ግን 90 ቀን ተብሎ ተጽፏል። ወደ አዲስ አበባ የምበረው ሜይ 18፣ 00:35 ላይ ነው። ችግር ይኖረው ይሆን?

መልስ፦ አለው፤ አሁን ካወቁት ግን ይስተካከላል። ጁን 1ን ይርሱት። ጉዞ ቢዘገይ ተብሎ ቪዛው ላይ 15 ቀን መጠባበቂያ ይጨመራል፤ ለመቆየት የተፈቀደልዎት ግን 90 ቀን ብቻ ነው። የገቡበትም የሚወጡበትም ቀን ይቆጠራል፦ ከፌብሩዋሪ 12 ቀን፣ ከማርች 31፣ ከኤፕሪል 30፣ ከሜይ 17። እዚህ ላይ 90 ሞላ። ሜይ 18 ዘጠና አንደኛ ቀንዎ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ደግሞ ሰዓቱ ላይ ነው። 00:35 ማለት ከሌሊቱ 6፡35 ነው። በእኛ ልማድ ገና የ17 ሌሊት ነው፤ በፈረንጆቹ ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀኑ ተቀይሯል። ስለዚህ ኤርፖርት የሚሄዱት ሜይ 17 ማታ ነው። 18 ማታ ቢሄዱ አውሮፕላኑ ከበረረ አንድ ቀን ሊሞላው ምንም አይቀረውም።

የመውጫ ቀንዎ የሚመዘገበው ፓስፖርት ፍተሻውን ባለፉበት ሰዓት እንጂ አውሮፕላኑ በተነሳበት ሰዓት አይደለም። የሻንጣ መቀበያው ብዙውን ጊዜ ከበረራው 3 ሰዓት ቀደም ብሎ ይከፈታል፤ የእርስዎ ማታ 3፡35 ገደማ መሆኑ ነው። ቀድመው ከደረሱና ሻንጣዎን ቶሎ ካስረከቡ ከሌሊቱ 6 ሰዓት በፊት ፍተሻውን ማለፍ ይችላሉ። ነገር ግን ሰልፍ ሊረዝም ይችላል፤ ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ በሼንገን (በአንድ ቪዛ በሚዞሩባቸው የአውሮፓ አገሮች) ድንበሮች ሥራ የጀመረው የጣት አሻራና የፊት ፎቶ ምዝገባ ደግሞ ቀኑን በኮምፒውተር ስለሚቆጥር «አንድ ቀን ምን አላት» ብሎ የሚያሳልፍ አያገኙም። የእኛ ምክር ትንሽ ገንዘብ ቢያስከፍልዎም ቲኬቱን በአንድ ቀን እንዲያስቀድሙት ነው። የሚቀጥለው ቪዛዎ ከዚያ ገንዘብ ይበልጣል። በረራው በአየር መንገዱ ምክንያት ቢሰረዝ ግን የጽሑፍ ማስረጃ ሳይቀበሉ ከመስኮቱ አይነሱ።

ጥያቄ፦ ፓሪስ ጫማ፣ ሮም የቆዳ ጃኬት ገዝቻለሁ፤ ሱቆቹ የታክስ ተመላሽ ፎርም ሰጥተውኛል። ማህተሙን የት ነው የማስመታው?

መልስ፦ የሁለቱንም ሮም ላይ። ፎርሙ የሚረጋገጠው ከአውሮፓ ኅብረት በሚወጡበት የመጨረሻ አገር ነው። ጣሊያን ውስጥ ከአንድ ሱቅ የገዙት ከ70 ዩሮ በላይ መሆን አለበት። የጣሊያን ታክስ 22 በመቶ ቢሆንም የአገልግሎት ክፍያ ስለሚቆረጥ እጅዎ የሚገባው ከዚያ ያንሳል።

እዚህ ላይ ሁሉም ነገር በቅደም ተከተሉ ይወሰናል። የመሳፈሪያ ካርድዎን በስልክ ያውጡ፤ ሻንጣውን ሳያስረክቡ «ዶጋና» የሚል ጽሑፍ ያለበትን የጉምሩክ መስኮት ይፈልጉ። መኮንኑ ዕቃውን አሳየኝ ሊል ይችላል፤ ሻንጣው ከሄደ የሚያሳዩት ነገር የለም፣ ገንዘቡም ቀረ። ጃኬቱን ከነመለያው ከላይ አስቀምጡት፤ ለብሰው አይሂዱ።

ጥያቄ፦ ከተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ወደ ፊዩሚቺኖ ኤርፖርት በምን ልሂድ? ትልቅ ፓወር ባንክ ይዣለሁ፤ የት ላድርገው?

መልስ፦ ሌኦናርዶ ኤክስፕረስ ባቡር 14 ዩሮ ነው፣ በ32 ደቂቃ ያደርሳል። ኤፍ ኤል 1 የሚባለው 8 ዩሮ ቢሆንም ከተርሚኒ አይነሳም፤ ከቲቡርቲና፣ ከኦስቲየንሴ ወይም ከትራስቴቬሬ ይያዛል። የወረቀት ቲኬት ከያዙ ሳይሳፈሩ በማሽኑ ያስመቱት፤ አለዚያ ቅጣት አለው። ጣሊያን ውስጥ የባቡር አድማ የተለመደ ስለሆነ በዋዜማው «ሾፐሮ» መኖር አለመኖሩን ይጠይቁ።

ተርሚኒ ቀድመው ከደረሱ፣ ጣቢያው ፊት ለፊት ያለው አደባባይ «ቺንኴቼንቶ» ማለትም «አምስት መቶ» ይባላል፤ በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለወደቁት የጣሊያን ወታደሮች የተሰየመ ነው። የመታሰቢያ ሐውልታቸውም የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው።

ፓወር ባንክ ሁልጊዜ በእጅ ሻንጣ ነው፤ በሚረከብ ሻንጣ ክልክል ነው። ወሰኑ 100 ዋት-ሰዓት ነው። ጀርባው ላይ የተጻፈውን ሚሊ አምፒር ሰዓት በ3.7 አባዝተው ለ1,000 ያካፍሉ፦ 20,000 ከሆነ 74 ይመጣል፣ ያልፋል። 30,000 ግን 111 ነው፤ ያለ አየር መንገዱ ፈቃድ አያልፍም። ጽሑፉ የተፋቀ ከሆነ ፈታሾች ሊወስዱት ይችላሉ፤ እዚያው ሮም ለሚያውቁት ሰው ቢተዉት ይሻላል።