ስለ ፍቺ፣ ዳግም ጋብቻና ቁርባን ለጠየቃችሁኝ

የካቶሊክ ትምህርት ምን ይላል ላላችሁኝ፣ ጥያቄዎቹን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ተፋትቻለሁ፣ ሌላ ግን አላገባሁም። ልቆርብ ስነሳ ሰው ይገላምጠኛል። መቁረብ እችላለሁ?

መልስ፦ ትችያለሽ። መፋታት ብቻውን ከቁርባን አያግድም። ጥፋቱ ያንቺ ከነበረም ንስሐ ግቢና ቁረቢ። የሚገላምጥ ይገላምጥ።

ጥያቄ፦ እኔ ግን ድጋሚ አግብቻለሁ። ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ አዲሱ ጋብቻ ላይ። ቤተክርስቲያን በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ያለውን የጌታን ቃል ይዛ፣ ሁለት የተጠመቁ ሰዎች በትክክል ተጋብተው በሩካቤ የጸናውን ጋብቻ ከሞት በቀር የሚፈታው የለም ትላለች። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. በ1981 እንደጻፉት፣ ልጆች ስላሏቸው መለያየት ያልቻሉ ጥንዶች እንደ ወንድምና እህት፣ ያለ ሩካቤ ለመኖር ከወሰኑ ንስሐ ገብተው መቁረብ ይችላሉ። ቀላል ነው የሚልህ ሰው ትዳር አያውቅም።

ጥያቄ፦ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ፈቅደዋል ይባላል እኮ?

መልስ፦ ሕጉን አልቀየሩም። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው ስለ ቤተሰብ በጻፉት «አሞሪስ ላኤቲሲያ» ምዕራፍ 8 ላይ፣ የሰው ሁሉ ሁኔታ አንድ ስላልሆነ ካህኑ ከሰውየው ጋር ሆኖ ነገሩን በጥሞና ይመርምር አሉ። የግርጌ ማስታወሻ 351 ደግሞ አንዳንድ ጊዜ የምስጢራት (የንስሐና የቁርባን) እርዳታም ሊኖር እንደሚችል ይናገራል። ጭቅጭቁን ሁሉ ያስነሳችው ያቺ ማስታወሻ ናት። በአርጀንቲና የቦነስ አይረስ አካባቢ ጳጳሳት ሰፋ አድርገው ተረዷት፣ ፍራንቸስኮስም ደገፏቸው፤ የ1981ዱን ይዘው የቀሩም አሉ። እኔ እንደሚገባኝ ግን ማንም ብቻውን ለራሱ እንዲፈቅድ የተጻፈ አይደለም።

ጥያቄ፦ ጋብቻው አልነበረም ማስባል ያው ፍቺ አይደል? ልጆቼስ ዲቃላ ሊባሉ ነው?

መልስ፦ አይደለም። የቤተክርስቲያን ፍርድ ቤት የሚያየው የሠርጉን ቀን ነው፤ ያን ዕለት እውነተኛ ጋብቻ ተፈጽሟል ወይ? ተገደህ ከነበረ፣ ወይም አንዳችሁ ከመነሻው ልጅ ላለመውለድ ቆርጣችሁ ከነበረ ጉዳዩ ይታያል። ከዓመታት በኋላ መጣላታችሁ ብቻውን አይበቃም። ቢያንስ አንዳችሁ በቅን ልቦና ካገባችሁ ልጆቹ በቤተክርስቲያን ሕግ ቁጥር 1137 መሠረት ሕጋዊ ናቸው፣ አትስጋ። ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ካወጡት ማሻሻያ ወዲህ ደግሞ ሁለተኛ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ማጽደቁ ግዴታ መሆኑ ቀርቷል።

ጥያቄ፦ እስከዚያው ከቅዳሴ ልቅር?

መልስ፦ ኧረ ና! አልተወገዝክም። መጀመሪያ ግን የጥምቀትና የጋብቻ ምስክር ወረቀትህን ይዘህ ቆሞስህን (የደብርህን ኃላፊ ካህን) አነጋግር።