የሲኖሎጂ (ፎቶና ፋይል በኔትወርክ የሚያስቀምጥ መሣሪያ) ፓስወርድ ጠፍቶብህ፣ ሪሴት ባደርገው ፎቶዎቹ ይጠፋሉ ወይ ላልከው

አይጠፉም። ከመሣሪያው ጀርባ ያለችው የሪሴት ቀዳዳ አንዴ ብቻ ስትጫን የአድሚን (የዋናው አስተዳዳሪ) ፓስወርዱንና የኔትወርክ ቅንብሩን ወደ መነሻው ትመልሳለች እንጂ ዲስኩን አትነካም።

1. መሣሪያው በርቶ ሙሉ በሙሉ ሥራ ሲጀምር፣ የወረቀት ክሊፕ አቃንተህ በጫፉ ቀዳዳዋን ተጫን። 4 ሰከንድ ያህል ቆይቶ አንዴ ጢጥ ሲል ወዲያው ልቀቅ።

2. የአይፒ አድራሻው (በኔትወርኩ ላይ የመሣሪያው መለያ ቁጥር) ሊቀየር ስለሚችል ራውተሩ ላይ ከተገናኙት መሣሪያዎች ዝርዝር አዲሱን ፈልግ። ብሮውዘር ላይ ስታስገባው ከኋላው :5000 ጨምርበት።

3. በተጠቃሚ ስም ቦታ «አድሚን» ብለህ በእንግሊዝኛ ፊደል (admin) ጻፍ፣ ፓስወርዱን ባዶ ተወው። አዲስ እንድታወጣ ይጠይቅሃል።

4. ኮንትሮል ፓነል ገብተህ የራስህን አካውንት ፓስወርድ ቀይር። በራስህ አካውንት መግባትህን ካረጋገጥክ በኋላ አድሚን የሚለውን አካውንት እንዳይሠራ መልሰህ ዝጋው። ብዙ ሰው ይህን ይረሳል፤ ሰርጎ ገቦች ግን መጀመሪያ የሚሞክሩት ይህንኑ ስም ነው።

ደጋግመህ ስለሞከርክ አይፒህ ታግዶ ከሆነ ደግሞ ሪሴት ሳያስፈልግህ ይቀራል። መጀመሪያ ከሌላ ስልክ ወይም ኮምፒውተር ሞክር።

በጣም የምትጠነቀቀው፦ ጢጥ ካለ በኋላ በ10 ሰከንድ ውስጥ ደግመህ እንዳትጫን። ሦስቴ ጢጥ ካለ ሲስተሙ እንደ አዲስ ሊጫን ነው ማለት ነው። ፋይሎችህ ዲስኩ ላይ ይቆያሉ፤ የተጠቃሚዎች ዝርዝርና ፈቃዶች ግን ሊሰረዙ ይችላሉ። የተመሰጠረ (በሚስጥር ቁልፍ የተቆለፈ) ፎልደር ካለህ ደግሞ ቁልፉ እጅህ ላይ መኖሩን ሳታረጋግጥ ክሊፑን አታንሳ፤ ያለ ቁልፉ የሚከፍተው የለም።