መልስ፦ አባቴ ከስትሮክ በኋላ የእንጀራውን ግራ ግማሽ ለምን ይተዋሉ?

ጠግበው አይደለም፤ በግራ በኩል ያለው ስለማይታያቸው ነው። እንደገለጽሽው ከሆነ የተጎዳው ዓይናቸው ሳይሆን ቀኝ አንጎላቸው ነው፤ መነጽር መቀየር አይፈታውም።

ከመጉረሳቸው በፊት አንገታቸውን ወደ ግራ አዙረው የትሪውን ጠርዝ በእጃቸው እንዲነኩ አስለምጃቸው። በየማዕዱ ታገሺና አስታውሺያቸው። የእኔም እናት እንዲህ ያለ ችግር ነበረባት፤ መጀመሪያ ትበሳጭ ነበር፤ ዛሬ ማንም ሳያስታውሳት ታዞራለች። ሲያነቡ ደግሞ በገጹ ግራ ጠርዝ ቀይ ፕላስተር ለጥፊላቸው፤ ቀዩን ሳያገኙ መስመር አይጀምሩ።

አደራ፣ መንገድ ስትሻገሩ በግራቸው ሆነሽ ክንዳቸውን ያዢ። በአገራችን ሁለት አቅጣጫ ባለው መንገድ መጀመሪያ የሚደርስብሽ መኪና ከግራ ነው የሚመጣው፤ ፒያሳ ላይ እናቴን ሚኒባስ ለጥቂት ነው የሳታት። መኪና የሚነዱ ከሆነም ሐኪም የእይታ መስካቸውን (ግራና ቀኝ የሚያዩትን ስፋት) ለክቶ እስኪፈቅድ ቁልፉን አትስጫቸው።