የአማልክትን ስም ከመሸምደዳችሁ በፊት

ይህን የምጽፈው ጎንደር ውስጥ አስጎብኚነት ለጀመራችሁና ልትጀምሩ ለምታስቡ ልጆቼ ነው። ከጡረታ በኋላም ብዙዎቻችሁ እየመጣችሁ የዓለምን አፈ ታሪክ ከየት እንጀምር ትሉኛላችሁ። ስልካችሁ ላይ ዝርዝር አለ። ዜውስ የመብረቅ፣ ፖሲዶን የባሕር፣ አፍሮዳይት የፍቅር እያለ ይቀጥላል። እንደ ማባዛት ሰንጠረዥ የተሸመደደ ነገር ግን እንግዳው አንድ ጥያቄ ሲጨምር ያልቃል።

እኔን ብትሰሙ፣ ከስሙ በፊት አገሩን እወቁ። እዚያ ዝናብ መቼ ይጥላል? ወንዙስ መቼ ይሞላል? ሰዉ የሚርበው በየትኛው ወር ነው? ይህ ከገባችሁ አምላኩ ለምን ያን ጠባይ እንደተሰጠው አይጠፋችሁም።

ከደጃችን እንነሳ። ለጥምቀት የፋሲልን መዋኛ የሚሞላው ቀሃ ወርዶ ከመገጭ ይቀላቀላል፣ መገጭ ጣና ይገባል፣ ከጣና ዓባይ ይወጣል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ እኛ ጭቃውን ስናማርር፣ ያው ውሃ ጥንት ግብፅ ሲደርስ የዓመቱ ትልቅ ደስታ ነበር። ማሳውን አጥለቅልቆ፣ ጥቁር አፈር ጥሎ ይመለሳል። አፈሩ ከእኛው ተራራ የታጠበ ነው። ይህን ለእንግዳ ስትነግሩ ትንሽ ቢቆጫችሁም አልፈርድባችሁም። ግብፆች ሙላቱን ሐፒ ብለው አመለኩት። ሐፒ ወንድ ነው፤ ግን ቦርጭና የወረደ ጡት አለው። ምክንያቱን ለመገመት ምሁር መሆን አያስፈልግም፤ ውሃው ከመጣ ጥጋብ ነው።

ሐፒ የሚኖረው አስዋን አጠገብ፣ ኤለፋንቲን ደሴት ዘንድ ባለ ዋሻ ውስጥ ነው ይሉ ነበር። የዚያች ደሴት ጌታ የአውራ በግ ራስ ያለው ክኑም ነው። በሸክላ ሠሪ መንኮራኩር ላይ ሰውን ከጭቃ የሚያበጅም እሱ ነው። እዚያው ቅርብ፣ ሴሄል ደሴት ላይ፣ አንድ የተቀረጸ ድንጋይ አለ። በንጉሥ ጆሰር ዘመን ዓባይ 7 ዓመት ሳይሞላ ቀርቶ ረሃብ እንደገባ፣ ክኑምም በሕልም መጥቶ ውሃውን ልልቀቅ እንዳለው ይተርካል። የዮሴፍን ታሪክ እየሰማ ያደገ ሁሉ 7 ሲባል ጆሮው ይቆማል። ቀስ በሉ። ድንጋዩ የተቀረጸው ከጆሰር ከ2000 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ የግሪክ ዘር ነገሥታት ግብፅን ሲገዙ ነው። ንጉሡ ለክኑም ቤተ መቅደስ መሬትና ግብር ሰጠ የሚልም አለበት። ማን ከማን ወሰደ ብላችሁ ከመቸኮላችሁ በፊት መቼ ተጻፈ፣ ማንንስ ይጠቅማል በሉ። የርስት ክርክር ሲሰማ ላደገ ጎንደሬ ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

የዛሬዋ ኢራቅ ወንዞች ጤግሮስና ኤፍራጥስ ደግሞ ጠባያቸው ሌላ ነው። የሚሞሉት በጸደይ፣ አዝመራው ሊታጨድ ሲል ነው። የዚያ አገር አምላክ ኤንሊል የሰው ጫጫታ እንቅልፍ ነሳኝ ብሎ የጥፋት ውሃ ይልካል። ኤያ የሚባለው አምላክ ለአንድ ሰው መርከብ ሥራ ብሎ ሹክ ባይለው ኖሮ ማንም አይተርፍም ነበር። ሁለቱም ሕዝብ ወንዝ ዳር ነው የኖረው። የአንዱ ወንዝ ቀጠሮ ያከብራል፣ የሌላው አያከብርም።

የግሪኮቹን ታሪክ በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ። በጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ በሆሜር መጽሐፍ፣ በኢሊያድ፣ ዜውስ ወደ ኢትዮጵያውያን ግብዣ ሄዶ በ12ኛው ቀን ይመለሳል። ይህን የሰማ አስጎብኚ ሁሉ እንግዳ ፊት ደረቱን ይነፋል። ንገሯቸው፣ ደስ ይላል። ግን የሆሜር ኢትዮጵያውያን ፀሐይ በምትወጣበትና በምትጠልቅበት የዓለም ዳር የሚኖሩ ናቸው እንጂ የዛሬው ካርታ ላይ አይደሉም። ጎንደርም መናገሻ የሆነችው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ዜውስ ፋሲል ግቢ አልበላም።

ይልቅ የራሳችንን እወቁ። የሓ ላይ የቆመው ቤተ መቅደስ አልመቃህ የሚባል የጥንት አምላክ ነበር የሚመለክበት። ኢዛና ከመጠመቁ በፊት ባስቀረጻቸው ድንጋዮች ላይ ራሱን የማይሸነፈው የማሕረም ልጅ ይላል። ያንኑ በግሪክኛ ሲያስጽፍ ማሕረም የጦርነቱ አምላክ አሬስ ሆኗል። ገንዘቡን ብትመለከቱ መጀመሪያ ጨረቃና ክብ አለበት፣ ኋላ መስቀል መጣ። አንዳንዶቻችሁ ይህን ማውራት ከእምነታችሁ የሚጋጭ ይመስላችኋል። እኔ አይመስለኝም። ንጉሡ ከምን ተነስቶ ወዴት እንደሄደ ያልነገራችሁት እንግዳ፣ መስቀሉ ያለበትን ገንዘብ ምን ብሎ ይረዳዋል?

ቶርንና ሎኪን ስለሚያሳዩት ፊልሞች ብዙ አልልም። በኖርዲኮቹ፣ ማለትም በጥንት የሰሜን አውሮፓ ሰዎች፣ ታሪክ የነጎድጓዱ አምላክ ቶር ጢሙ ቀይ ነው፣ ሠረገላውን የሚጎትቱት ፍየሎች ናቸው። ሎኪም ከአማልክቱ አለቃ ከኦዲን ጋር በደም የተማማለ ነው እንጂ የቶር ወንድም አይደለም። ከሲኒማ ያመጣችሁትን እንግዳ ፊት አታውጡ፣ በተለይ እንግዳው ከኖርዌይ ከሆነ።

ከሁሉም በላይ የምፈራው ሌላ ነው። አንዳንዶቻችሁ የሂንዱዎቹን የሀብት እንስት አምላክ ላክሽሚንም ዜውስንም አንድ ላይ "የድሮ ተረት" ስትሉ ሰምቻለሁ። ለዜውስ የሚከፋ ሰው እምብዛም አይገጥማችሁም። ላክሽሚ ግን ዛሬም በዲዋሊ በዓል ምሽት መብራት ይበራላታል። ከሕንድ የመጣችው እንግዳችሁ ጠዋት ከሆቴል ሳትወጣ ጸልያላት ይሆናል። ናይጄሪያ ኦሾግቦ ላይም ለወንዝ እንስት አምላክ ለኦሹን በየዓመቱ ሰው ይሰበሰባል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ ያሉትን መላእክት አንድ ጎብኚ "ተረት" ቢላችሁ ምን እንደሚሰማችሁ አስቡና፣ አፋችሁን በዚያው ልክ ጠብቁ። ካላወቃችሁ እንግዳዋን ራሷን ጠይቋት። ስለ እምነቱ በአክብሮት የተጠየቀ ሰው ደስ ብሎት ያወራል፤ እናንተም ከስልካችሁ የማታገኙትን ታገኛላችሁ።

ክረምት እንግዳ ይቀንሳል፣ ሥራም ይቀዘቅዛል። ያን ጊዜ አንድ አገር ብቻ ምረጡና ካርታውን፣ ዝናቡን፣ አዝመራውን አንብቡ፤ ከዚያ ወደ አማልክቱ ግቡ። የመጀመሪያው ክረምት ለግብፅ ይሁን። ግሪክ ይቆይ፣ እሱን ሁሉም ያወራዋል።