መዋኘት ሳልችል የሪፍ ዓሣ ማጥናት እችላለሁ ወይ ላልሽኝ

ሰላም እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። ባዮሎጂ 3ኛ ዓመት ነኝ፣ ኮራል ሪፍ ላይ (ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባህር እንስሳት የገነቡት የድንጋይ ክምር ማለት ነው) የሚኖረው ሬድ ባስ የሚባለው ዓሣ ላይ፣ ከስናፐር ወገን የሆነው ላይ፣ መሥራት ፈልጌ ነበር ግን መዋኘት አልችልም፣ አባቴ ደሞ ትተሽው አካውንቲንግ ግቢ እያለኝ ነው ብለሽኛል።

የመዋኘቷን ላስቀድማት ምክንያቱም እሷ ናት ያናደደችኝ። የባህር ሳይንስ ማለት መነጽር አድርጎ ውሃ ውስጥ መጥለቅ ነው የሚለው ወሬ ስንት ጎበዝ ልጅ አስቀርቷል መሰለሽ። ምዕራብ አውስትራሊያ ሮውሊ ሾልስ ከሚባል ሪፍ የተያዘ አንድ ሬድ ባስ 79 ዓመቱ ሆኖ ተገኘ፣ 79!! ጥናቱ እ.ኤ.አ. 2020 ላይ ነው የወጣው፣ አብሮ የተጠናው ሚድናይት ስናፐር ደሞ 81። ይሄ የታወቀው በመጥለቅ አይደለም፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለችውን ኦቶሊት የምትባል የጆሮ ድንጋይ አውጥተው ስስ አድርገው ቆርጠው ማይክሮስኮፕ ስር እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበቷን ቆጥረው ነው። ቁመት ለክቶ ዕድሜ መገመት እዚህ ዓሣ ላይ አይሠራም፣ በወጣትነቱ ያድግና ከዛ ለአሥርት ዓመታት ብዙም አይጨምርም፣ እኩል ከሚያክሉ ሁለቱ አንዱ የሌላው አያት ሊሆን ይችላል። ታላቁ ባሪየር ሪፍ በሚባለው የአውስትራሊያ ሪፍ ላይ ሴቷ እንቁላል ለመጣል የምትደርሰው 9 ዓመት ገደማ ሲሆናት ነው፣ ይሄን ሳያውቅ ስንት ይጠመድ ብሎ የሚወስን ሰው ሳይወልዱ ነው የሚጨርሳቸው።

እኔ ወደ ምክር ሥራ ሳልመጣ 6 ዓመት ላቦራቶሪ ውስጥ የእነዚህን ድንጋዮች ቀለበት ስቆጥር ነው የኖርኩት (መነጽሬም ከዛ የመጣ ነው)፣ ስለዚህ ወደ ላቦራቶሪ እንደማዳላ እወቂው። ግን ጠላቂ ሲፈለግ ሰው ይሰለፋል፣ ቀለበት አንብቦ አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም የእድገት ከርቭ (ዓሣው በየዕድሜው ስንት እንደሚያክል የሚያሳይ መስመር) የሚያወጣ ሲፈለግ ወራት እንጠብቅ ነበር። ስታቲስቲክስ ውሰጂ፣ መዋኘቱ በኋላ ይደርሳል።

ይሄ ዓሣ ገበያ የለውም ማን ገንዘብ ያወጣበታል ላልሽው፣ ገበያ ያጣው እኮ ሲጓተራ በሚባል መርዝ ነው፣ ከደቂቅ አልጌ ጀምሮ ትልቁ ትንሹን ሲበላ እየተጠራቀመ ይመጣል፣ ቢቀቅሉትም አይጠፋም፣ ጤናው በኩል የሚጠይቅ አለ። እንግሊዝኛዬ ያንሳል ላልሽው ደሞ፣ ይለመዳል፣ የሚደጋገመው ያው ቃል ነው።

አባትሽን በተመለከተ፣ ሀብታም አትሆኚም ካሉሽ ልክ ናቸው። ግን 3 ዓመት የተከፈለበትን ትምህርት ጥሎ ከዜሮ መጀመር ቁጠባ ነው የሚሉት ሂሳብ ላይ አካውንታንት የሆነ ሰው አይፈርምም፣ ይሄን በትህትና ንገሪያቸው፣ ዝም ብለሽ አታልቅሺ።

እስከዛ ድረስ ከዓሣ ሻጭ አንድ ጭንቅላት ለምኚ፣ የየትኛውም ዓሣ ይሁን። ከአንጎሉ ስር ድንጋዮቹን አውጪ፣ ትልቁን መሃል ለመሃል ሰብረሽ የተሰበረውን ፊት ጠቆር እስኪል ሻማ ላይ ያዢው፣ ከዛ የግቢያችሁ ማይክሮስኮፕ ላይ አስገቢና ስንት ቀለበት እንዳየሽ ጻፊልኝ።